የእመት ሀሊሜ የቁም ቅሬ

ቆቦ ውስጥ ከአስፋው እጅ ገንዘብ ማውጣት የፈለገ መጀመሪያ መሞት አለበት ይባላል። ቀልድ ነው፤ ግን ሐሰት አይደለም። አስፋው የታች ሰፈር ቅሬ ዳኛ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ገብቶበት አንዱ ሲሞት ሌላው ይቀብረዋል። አስፋው በዳኝነት በቆየበት ዘመን ሁሉ የቅሬው ሣጥን ለሕያው ሰው ተከፍቶ አያውቅም። የገዛ ወንድሙ የበሬ መግዣ ቢያጣ «ወንድሜ፣ ስትሞት ና» ብሎ መልሶታል እየተባለ ይወራል። ወንድሙ ይኸው ዛሬም በሕይወት አለ፤ ዛሬም አኩርፏል።

ጭካኔው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ከእሱ በፊት የነበሩት ዳኛ ደግ ሰው ነበሩ። አንጀታቸው አላስችል ብሏቸው የቅሬውን ገንዘብ ለተቸገረ ሁሉ ሲያበድሩ ኖረው፣ ያ ክፉ የወባ ዓመት በመጣ ጊዜ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሰፈሩ ሬሳውን በልመና ጨርቅ ገንዞ ቀበረ። አስፋው ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ ከተቀበሩትም አንዷ እናቱ ናት። ዳኛ ሆኖ ሲመረጥ በእሷ ስም ማለ፦ ለሞተ የተዋጣ ለሞተ ብቻ።

እንግዲህ በዚያው ሰፈር «ጧሪ» የሚባል የአረጋውያን ማኅበር አለ። ጧሪ ቀባሪ ያጡ ሰዎችን ይጦራል፤ የቀባሪነቱን ነገር ለቅሬው ትቶ። የሚያኖርበት ቤት በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ለእርዳታ እህል ማከማቻ የተሠራ መጋዘን ነው። ግድግዳውም ቆርቆሮ፣ ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ መስኮት የሚባል የለው። ለስንዴ የተሠራ ቤት ለሰው አይመችም። ግንቦት ሲገባና ቆላው ሲነድ፣ መራመድ የሚችሉት ሽማግሌዎች ቀኑን ሙሉ የመጋዘኑን ጥላ እየተከተሉ ቤቱን ይዞሩታል፤ መራመድ ያቃተው ውስጥ ተኝቶ ይጋገራል። በየአልጋው ራስጌ ማራገቢያ ቆሟል፤ ሥራው ግን የጋለውን አየር ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ማመላለስ ብቻ ነው። የስኳር ሕመምተኞቹ መድኃኒት ያለበት ፍሪጅም ከሙቀቱ ጋር ግብግብ ገጥሞ ሌት ተቀን ያጓራል። የመብራት ሂሳቡ ሲመጣ ከቀለቡ ይበልጣል።

ማኅበሩን የምታስተዳድረው ራሔል የምትባል የቀድሞ ነርስ ናት፤ ሰው እምቢ ሲላት ገና መነጋገር የጀመረ የሚመስላት ዓይነት ሴት። ያላንኳኳችው በር አልነበረም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ አንድ ረጂ ድርጅት መሐንዲስ ላከላት። መሐንዲሱ ቤቱን ለካ፣ ጣሪያው ላይ ወጥቶ እግሩን ተቃጥሎ ወረደ፣ ከዚያ የሚያስፈልገውን ነገራት፦ በቆርቆሮው ውስጥ በኩል የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ፣ ሙቀት የሚከላከል ኮርኒስ፣ መስኮቶች፣ ከጣሪያው ሥር የጋለው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ፣ ጣሪያው ላይ ነጭ ቀለም። ይህ ሁሉ ከተሠራ ማራገቢያዎቹ ይጠፋሉ፤ ፍሪጁም ያርፋል፤ የመብራቱ ሂሳብ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ድርጅቱ ከሦስት ሁለቱን እጅ እከፍላለሁ አለ። ሦስተኛውን እጅ ግን ከተማው በጉልበትም፣ በዕቃም፣ በገንዘብም ያምጣ፤ እሱም ሰኔ ሳይገባ።

ካልመጣ ገንዘቡ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ። የማኅበሩ ቦርድ በዚህ ሂሳብ ሌላ ዓመት አንገፋም ብሎ ቆርጧል፤ ቤቱ ተዘግቶ ሽማግሌዎቹ ደሴ ወዳለ ትልቅ መጦሪያ ይወሰዳሉ። ደሴ ክፉ ከተማ ሆና አይደለም። ግን ዕድሜውን በቆላ ፀሐይ የጨረሰ ሰው በስተርጅናው ደጋ ወጥቶ በብርድ ሲንቀጠቀጥ፣ ኋላም ስሙን በማያውቅ ሰው እጅ ሲቀበር ማሰቡ ራሱ ያማል። ሽማግሌዎቹ ወሬውን ከሰሙ ወዲህ እህል እየቀረበላቸው የማይበሉ ሆኑ።

ራሔል ከተማውን ዞረች። ነጋዴዎቹ ጥቂት ጥቂት ሰጡ፤ ቢሮዎቹ የዓመቱ በጀት ተዘግቷል አሏት። ሲቸግራት ወደ አስፋው ወፍጮ ቤት ሄደች። አስፋው ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ማሽላ ሲፈጭ አገኘችው።

«ጋሼ አስፋው፣ የቤቱን ሙቀት መቼም…»

«ለቀባሪው አረዱት አሉ» አላት። «ባለፈው ግንቦት ከዚያ ቤት የወጡትን ሬሳዎች የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ይርዱን።»

እጁን በሽርጡ ጠርጎ ከኪሱ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ሰጣት። «ይህ የኔ ነው። የቅሬው ግን የኔ አይደለም፤ የሙታን ነው።»

«ሙታኑ'ኮ ገና ሳይሞቱ እዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ጋሼ» አለችው ራሔል፤ አመስግናውም ሄደች።

አስፋው ከሰዓት በኋላ የአንዷን ሴት ጤፍ ከሌላዋ ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ፈጭቶ ሁለቱንም ካሠ።

እሑድ የቅሬው ስብሰባ ነበር። ሊበተኑ ሲሉ አንድ ባጃጅ መጣና እመት ሀሊሜ በከዘራ ተደግፈው ወረዱ። እመት ሀሊሜ ልጅ አልወለዱም፤ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል። በጉብዝናቸው ዘመን ጨው ከአፋር እያመጡ ቆቦና ጎብዬ ገበያ የሚቸረችሩ፣ ሰው የሚፈራቸው ነጋዴ ነበሩ። አሁን ከመጋዘኑ ነዋሪዎች አንዷ ናቸው። ከኋላቸው ጋሽ ኤፍሬም ወረዱ፤ የድሮ የከባድ መኪና ሹፌር፣ የዚያው የመጋዘን ሰው። ሰዉ ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸው።

«ዳኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ ነው የመጣሁ» አሉ እመት ሀሊሜ። «እኔ ስሞት ቅሬው ምን ያወጣልኛል?»

ይህ አስፋው የሚወደው ጥያቄ ነው። «ከፈን ይገዛልዎታል። ድንኳን ይተከላል። ለለቀስተኛ ንፍሮ ይቀቀላል። ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ወይ ዶማ ይዞ ይወጣል፤ እንጨት ይሸከማል፤ ውሃ ይቀዳል። የቀረ ይቀጣል።»

«አላህ ይስጣችሁ። ከፈኔን እኔው ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ለመቀበር ደግሞ አራት ተሸካሚ ይበቃኛል፤ ዲኔ ኸዚያ በላይ አልጠየቀኝም። የቀረውን ሁሉ ዛሬ ስጡኝ።»



«አልገባዎትም መሰለኝ፣ እመት ሀሊሜ» አለ አስፋው በቀስታ። «ቅሬ ለሞተ ነው።»

«የዕድሜዬን ያህል ከፍያለሁ። ድንኳኑ ለኔ ነው ካላችሁ አሁን ጥላ ይሁነኝ። አካፋውም ለኔ ነው ካላችሁ አሁን ለዚያ ለሚነደው ቤት ግድግዳ ጭቃ ይቆፍርልኝ። ኸሞትኩ ወዲያ ንፍሮውን የምትበሉት እናንተ፣ በጥላው የምትቀመጡት እናንተ፤ ለኔ ምኑ ነው? ደግሞ ልጅ የለኝ፣ ማን ሊያለቅስልኝ ነው ይህን ሁሉ የምታሰናዱት?»

አንዳንዱ ሳቀ፤ ሳቁን ግን ቶሎ ዋጠው። አስፋው ወደ እናቱ መቃብር ሄዶ የተመለሰ ያህል ፊቱ ጠቆረ። «ሕጉን ካፈረስኩት ነገ ሁሉም በሕይወቱ ይጠይቃል» አለ። «ሣጥኑ ባዶ ይቀራል። አይቼዋለሁ።»

ይሄኔ ጋሽ ኤፍሬም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አስፋው፣ ወላድ ያልሆነ ሰው ተዝካሩን በቁሙ አያወጣም እንዴ? አጎትህ ተዝካሩን በቁሙ ሲያወጣ ቅሬው አልወጣለትም? ድንኳኑን የተከልነው እኔና አባትህ ነን። አንተም ውሃ ስትቀዳ ትዝ ትለኛለህ።»

እውነት ነው። አስፋውም አስታወሰው። አጎቱ መሃል ተቀምጦ በገዛ ተዝካሩ ላይ ጠላ ሲያዝ፣ ካህናቱ ፍታት ሲያደርሱለት፣ ሰው ሲስቅ። ቅሬው ወጥቶ ነበር። ማንም ሕግ ፈረሰ አላለም፤ ምክንያቱም አጎቱ በኋላ ሲሞት ሌላ ተዝካር አልወጣለትም። የተበላ ተበልቷል ተብሎ አለፈ።

አስፋው ሕጉን ከሚያፈርስ ሞትን ይመርጣል፤ ግን ሕጉ ውስጥ ራሱ በር እንዳለ ያየ ሰው ዓይኑን መጨፈንም አይሆንለትም። በመጨረሻ ቆረጠ።

«እሺ። በቁሙ የሚወስድ ይውሰድ። ግን ሁለቴ አይወሰድም። ዕለቱ ሲደርስ ለፋፊ አይወጣም፤ ድንኳን አይተከልም፤ ንፍሮ አይቀቀልም፤ ማንም እንዲወጣ አይገደድም። አራት ተሸካሚ ብቻ። ይህን ይቀበላሉ?»

«ወላሂ ተቀብያለሁ» አሉ እመት ሀሊሜ፣ ቅንጣት ሳያመነቱ። ጋሽ ኤፍሬምም እጃቸውን አወጡ። ሌሎቹም የመጋዘኑ ሽማግሌዎች በየተራ ቃላቸውን ላኩ። እንዲህ ያለ ውል ቆቦ ሰምታ አታውቅም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ቅሬው ለእመት ሀሊሜ የሚወጣበት ቀን ቅዳሜ ሆነ። አስፋው ለፋፊውን ታሂርን ጠርቶ «ቅሬው ለእመት ሀሊሜ ይወጣል ብለህ ለፍፍ፤ ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ይምጣ» አለው። ስህተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ታሂር ጎረምሳ ሆኖ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ለሞተ እንጂ ለሌላ ለፍፎ አያውቅም። ያለው ድምፅ አንድ ነው፤ ያን የሰማ ሰው ከእንቅልፉ ሲነሳ እንባው ይቀድመዋል። ታሂር ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ በዚያው ድምፁ በየመንደሩ ለፈፈ።

ስብሰባ ላይ የነበሩት ነገሩን ያውቃሉ። ግን ቅሬ ስብሰባ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ ከሚቀረው ያነሰ ነው። የቀረው ሕዝብ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሀሊሜ ሞተች። የሙስሊም ቀብር ደግሞ አይቆይም። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ዶማውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሮጠ። ወሬው በስልክ ጎብዬ ደረሰ፤ ዋጃም ደረሰ። የድሮ የጨው ደንበኞች፣ እመት ሀሊሜ በዱቤ የጠቀሟቸው፣ በምጣቸው ጊዜ የደረሱላቸው ሴቶች፣ ሁሉም መጣ። አስፋው መጋዘኑ ደጃፍ ቆሞ ሰዎቹን ለሥራ ሊያሰማራ ሲጠብቅ፣ ከአስፋልቱ በኩል የሚያለቅስ ሕዝብ ሲጎርፍ አየ። የሚሠራው ጠፋው።

እመት ሀሊሜ በሩ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያዎቹ አልቃሾች ደረታቸውን እየመቱ በሩን ሲያልፉ ሟቿን ፊት ለፊት አገኟት። አንዷ ሴት ጮኻ ወደቀች። ሌላዋ ለቅሶዋን ማቆም አቅቷት እያለቀሰች «እንደምን አደሩ?» አለች። እመት ሀሊሜ ሊቆጡ ጀመሩና የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ቀጥሎ አንድ አይሱዙ አቧራውን እያጨሰ ደረሰ። ከጋቢናው በድረዲን ዘሎ ወረደ። በድረዲን የእህታቸው ልጅ ነው፤ እናቱ ስትሞትበት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ዋጃ ላይ እህል ነጋዴ ሆኖ ከበረ፤ ከበረና መንገዱ ጠፋው። ቆቦን በየሳምንቱ ያልፋታል፤ መጋዘኑን ግን አይቶት አያውቅም። አሁን ለሰደቃ የሚታረድ በሬ ጭኖ፣ «እናቴን፣ እናቴን» እያለ መጥቶ እግራቸው ሥር ሲደፋ፣ የማን እግር መሆኑን ያወቀው ከነካው በኋላ ነው። ቀና ብሎ አያቸው።

«አብሽር፣ አልሞትኩም» አሉት። «ተነስ፣ በድሩ፤ አቧራውን አራግፍ። ኸሞትኩ ትመጣለህ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። በቁሜ ግን ጭራሽ አልጠበቅኩህም።»

እንደዚህ ያለ ነገር የተባለ ሰው ወዴት ይሄዳል? በድረዲን ከመሬት አልተነሳም። ልጅ ሆኖ እንደሚያደርገው ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ ጥሎ ቆየ። እሳቸውም ጭንቅላቱን አልገፉትም።

ያን ጊዜ አስፋው ግንድ ላይ ወጣና ሕዝቡን አረጋጋ። ስለ ውሉ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ደሴው ነገር፣ ሁሉንም ተናገረ። «እኚህ ሴት ለቅሷቸውን ሸጠው ነው ይህን ቤት የሚገዙት» አለ። «አልቅሳችኋል፤ ደግ። አሁን ደግሞ ቅበሯቸው እንዳልል አልሞቱም። ግድግዳውን ሥሩላቸው።» ሰው እንባውን በነጠላው ጠርጎ ሳቀ። አካፋው በእጁ ነው፣ ዶማው በትከሻው፣ የውሃ ጄሪካኑም ተሞልቷል። ለመቃብር የመጣው ሁሉ ለግንብ የሚሆን ነው።

ያ ቀን እንዴት ያለ ቀን ነበር! የበድረዲን አይሱዙ ከደረቁ ወንዝ ድንጋይና አሸዋ ሲያመላለስ ዋለ። ጎረምሶቹ ጭቃውን ከገለባ ጋር ረገጡት። ለለቅሶ የመጡ አሮጊቶች ድንጋይ ሲያቀብሉ፣ ጋሽ ኤፍሬም መኪናውን ወደ ኋላ ግፋ ወደ ፊት ሳብ እያሉ ሲያዙ፣ የሹፌርነት ድምፃቸው ተመለሰላቸው። በሬው አልታረደም። «ቢበላ ዛሬውኑ ያልቃል» አሉ እመት ሀሊሜ፤ ለነጋዴ ተሸጦ የኮርኒሱን እንጨት ገዛ። መሐንዲሱ ከአዲስ አበባ በመጣ ጊዜ የከተማውን ድርሻ ገምቶ ሲጨርስ ከተጠየቀው በላይ ሆኖ አገኘው። ሰው ፊት አልቅሳ የማታውቀው ራሔል ያን ስትሰማ ፍሪጁ ጀርባ ሄዳ አለቀሰች።

በዚያው ቅዳሜ ወደ ማታ ላይ፣ ሰዉ ሲበተን፣ አስፋው እመት ሀሊሜ ጎን ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ ሲያዝ ጉሮሮው ተዘግቷል።

«ማንም አያለቅስልኝም ብዬ ነው'ኮ የሸጥኩላችሁ» አሉት ዝግ ብለው። «ዋጋውን ሳላውቅ።»

አስፋው በሕይወቱ ሊናገር ያላሰበውን ተናገረ። «ይመለስልዎ? ቅሬውን እኔ አሳምናለሁ። ዕለቱ ሲደርስ እንደማንኛውም ሰው እንወጣለን።»

«አይ። ቃል ቃል ነው። አንተም ቢሆን ይህን ስትል ደስ አትለኝም። ቆቦ የምታምንህ እንቢ ስለምትል ነው።»

አስፋው አንገቱን ደፋ። ብዙ ሀብታም አይቷል፤ ብዙ ደግም አይቷል። ያላትን የመጨረሻ ነገር ሰጥታ፣ ያንን ሲመልሱላት ደግሞ የምትቆጣ ሰው ግን አላየም ነበር።

ቤቱ ክረምቱ ሳይገባ አለቀ። በቀጣዩ ግንቦት እግረ መንገዱን የገባ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆም ብሎ ነጠላውን ይጎትታል፤ ውስጡ እንደ እንስራ ሥር ቀዝቃዛ ነበር። ማራገቢያዎቹ ተሸጡ። የተረፈው የመብራት ገንዘብ ለሽማግሌዎቹ ወተትና እንቁላል ሆነ። ወደ ደሴ የሄደ ማንም የለም። በድረዲን ቆቦን ባለፈ ቁጥር እየገባ፣ እየተሰደበ፣ እየተመረቀ ይሄዳል።

እመት ሀሊሜ በሁለተኛው ዓመት፣ ቆላው በሚነድበት አንድ የግንቦት ረፋድ፣ በዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አሸልበው አልነቁም። ራሔል ስልክ ደውላ ስትነግረው አስፋው ወፍጮውን አቆመ። ታሂር ከደጅ ቆሞ ዓይን ዓይኑን አየው። አስፋው ራሱን ነቀነቀ። ለፋፊ አይወጣም። ሣጥኑ አይከፈትም። አራት ተሸካሚ ሰየመና ላካቸው።

ከዚያ ብቻውን ተቀመጠ። እሱ ዳኛ ነው፤ ዳኛ ከወጣ ቅሬ ወጣ ማለት ነው። ቃላቸውን ማን ይጠብቅላቸው እሱ ካልጠበቀ? ወፍጮውን አስነስቶ መልሶ አጠፋው። በመጨረሻ የዳኝነቱን በትር ግድግዳው ላይ ሰቀለ፤ ዱቄቱን አራገፈ፤ እንደ አንድ ጎረቤት ባዶ እጁን ወደ መቃብሩ ሄደ።

መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ሱቆቹ ተዘግተዋል። ባጃጆቹ ባዶ ቆመዋል። መቃብሩ ጋ ሲደርስ ከፀሐዩ ብዛት ዓይኑን መግለጥ አቃተው፤ ሲገልጠው ሕዝቡ ኮረብታውን ሞልቶታል። ድንኳን የለ፣ ጥላ የለ፤ በዚያ ግንቦት ፀሐይ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። ታሂርም አፉን ዘግቶ ከመሃላቸው ነበር። ካኮረፈው ወንድሙ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ወንድሙ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

«ዳኛ፣ ቅሬው ወጣ እንዴ?» አለው።

«አልወጣም» አለ አስፋው።

«እኛም ለቅሬ አልመጣንም።»

አስፋው አጠገቡ ተቀመጠና አለቀሰ።